ጨረር በሕዋስ ፕሮቲኖች ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ክረምት እህቴን ለጨረር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሳመላልስ፣ ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን የተቀመጡ እናት አንገታቸው ላይ በሐምራዊ ቀለም የተሰመረውን መስመር በነጠላቸው ጫፍ እየሸፈኑ፣ «ልጄ፣ ውስጤን አቃጥሎ ጨረሰኝ፤ ከነገ ጀምሮ ይቅርብኝ ብያለሁ» አሉኝ። የሥነ ሕይወት መምህር ሆኜ ሳለ በቂ መልስ ሳልሰጣቸው ስማቸው ተጠራና ገቡ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

«ያቃጥላል» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በአንድ ቀን የሚሰጠው የተለመደ መጠን 2 ግሬይ (ግሬይ ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ ነው) ሲሆን፣ የሰውነትን ሙቀት የዲግሪ አንድ ሺህኛ ያህል እንኳ አይጨምርም። ጨረሩ የሚሠራው ከአቶሞች ኤሌክትሮን እየነጠቀ ነው፤ በሕዋስ ውስጥ ያለው ውኃ በዚህ መንገድ ሲነካ የሚፈጠሩት ቅንጣቶችም ዲኤንኤንና ፕሮቲኖችን ይጎዳሉ። 1 ግሬይ በአንድ ሕዋስ ውስጥ የዲኤንኤን ሁለቱንም ክሮች ከ20 እስከ 40 በሚደርሱ ቦታዎች ይበጥሳል።

እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ኤቲኤም የተባለው ኢንዛይም በደቂቃዎች ውስጥ ነቅቶ፣ ዲኤንኤው ከተጠመጠመባቸው ፕሮቲኖች አንዱ በሆነው ኤችቱኤኤክስ ላይ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ቅንጣት ይለጥፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የታወቀው ይህ ምልክት ከስብራቱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ጠጋኝ ፕሮቲኖችን ይሰበስባል። በደኅናው ጊዜ ወዲያው ወዲያው የሚፈርሰው ፒ53 የተባለ ፕሮቲንም ፎስፌት ሲለጠፍበት ሳይፈርስ ይቆይና ሕዋሱ መከፋፈሉን እንዲገታ፣ ጉዳቱ ከከፋም እንዲሞት ያደርጋል። የሚሠራ ኤቲኤም ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች ሌላው ሰው የሚችለውን የጨረር መጠን መቋቋም ያቅታቸዋል።

ሕክምናው በየቀኑ ተከፋፍሎ ለሳምንታት የሚሰጠው እንግዲህ ጤነኛው ሕዋስ በመካከሉ ባሉት ሰዓታት ራሱን እንዲጠግን ነው፤ የካንሰር ሕዋሳት ግን በዚህ ረገድ ብዙውን ጊዜ ደካሞች ናቸው። ታማሚው ቀጠሮ ሲያቋርጥ ደግሞ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት ለመራባት ፋታ ያገኛሉ። የቆዳው መላጥና የጉሮሮው መቁሰል እውነተኛ ሥቃይ መሆኑን በእህቴ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ለሐኪሙ ቢነገር ማስታገሻ የሚገኝለት ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ በጤና ዓምዱ ይህን ጉዳይ በባለሙያ አስተንትኖ እንዲያቀርብ፣ የሕክምና ተቋማትም ታማሚው የመጀመሪያውን ጨረር ከመውሰዱ በፊት ቀጠሮው ለምን እንደማይቋረጥ በሚገባው ቋንቋ ተቀምጠው እንዲያስረዱት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሥነ ሕይወት መምህር
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ