ከአዳማ እስከ አዳማዋ፦ የጂኦግራፊና ታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን ዘገባ በየዓመቱ ምን ይመስል እንደነበር የዚህን መጽሔት የቆዩ እትሞች ያገላበጠ ያውቀዋል። “ሦስት የጥያቄና መልስ ውድድሮች ተካሂደዋል፤ ለአሸናፊዎች ደብተርና እስክሪብቶ ተሸልሟል።” ከሥሩ ፎቶ። የጻፍኳቸው እኔ ስለሆንኩ ማንንም አልወቅስም። የጋና ዋና ከተማ? አክራ። የማሊ? ባማኮ። ጭብጨባ። ልጆቹ የሃምሳ አገር ዋና ከተማ በቃላቸው ይዘው አንዱንም አገር ሳያውቁት ይመረቃሉ።

ዘንድሮ በመጀመሪያው ስብሰባ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ “ቲቸር፣ አንድ አገር ብቻ ይዘን ዓመቱን ሙሉ ብንቆይስ?” አለች። ነገሩ ቀላል መሰለኝና እሺ አልኩ። ዕጣ ወጣ፤ ካሜሩን። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት “ኤቶ! ኤቶ!” እያሉ ጠረጴዛ ደበደቡ። በዚያን ዕለት ሃያ ስምንቱ አባላት ስለ ካሜሩን የሚያውቁት ተጠራቅሞ ይኸው አንድ ስም ነበር፤ የእኔም ብዙ አይበልጥም።

የመጀመሪያው ወር ያለቀው ካርታ ሲሳል ነው። ሁለት ሜትር አቡጀዴ ገዝተን መሬት ላይ ዘረጋን፤ ልጆቹ በጉልበታቸው ተንበርክከው አሥሩን ክልሎች በእርሳስ ከፋፈሉ። ስም መጻፍ ሲጀመር አንዱ ልጅ ማርከሩን እንደያዘ ቀረና “ቲቸር፣ ከተማችን እዚህ ምን ታደርጋለች?” አለ። አየሁት፤ አገሪቱ ወገብ ላይ “አዳማዋ” የሚባል ክልል አለ። ከከተማችን ከአዳማ ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን ብለው ሲጠይቁኝ “ሊሆን ይችላል” አልኩ። ዓመቱን ሙሉ የተጸጸትኩባት ቃል ይቺ ናት። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ሚኒ ሚዲያው “የከተማችን ስም ከካሜሩን መምጣቱን ክበባችን ደረሰበት” ሲል ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አበሰረ።

በዕረፍት ሰዓት የአፋን ኦሮሞ መምህሩ ሻያቸውን እንደያዙ መጡ። “አዳሚ ማለት ቁልቋል ነው እኮ። ቁልቋል ፍለጋ ካሜሩን ድረስ ምን ወሰዳችሁ?” አሉኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ ያልሳቀ አልነበረም።

እውነቱን ለማጣራት ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ ተገኝቶም ከፈጠርነው ይልቅ ጥሩ ሆነ። አዳማዋ የተባለው በሰው ስም ነው። ሞዲቦ አዳማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተነሣ የፉላኒ ሕዝብ መሪ ነው፤ “ሞዲቦ” በቋንቋቸው የተማረ ሰው ማለት ነው። ከሶኮቶው የሃይማኖት መሪ ከኡስማን ዳን ፎዲዮ የጦር ባንዲራ ተቀብሎ ሰፊ ኢምሬት (በኢሚር የሚገዛ ግዛት) መሠረተ፤ መናገሻው ዮላ ሆነች። በኋላ አውሮፓውያን ድንበር ሲያሰምሩ መሥመሩ ኢምሬቱን ለሁለት ሰነጠቀው፤ ዮላ ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ናት፤ ንጋውንደሬ ደግሞ ካሜሩን ውስጥ የአዳማዋ ክልል ዋና ከተማ ናት። ያንን ጊዜ አንድ ልጅ “ንጉሡ ቤቱ ወዲህ፣ ከብቱ ወዲያ ቀረ ማለት ነው” ብሎ ያጠቃለለውን እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ አላብራራውም ነበር። ማስተካከያውን ሰልፍ ላይ በማይክ ያነበብኩት ራሴ ነኝ።

አዳማዋ አምባ ምድር ነው፤ የከብት አገር፣ የብዙ ወንዞች መነሻ። ከዚያ የሚነሣው ቤኑዌ ወደ ኒጀር ወንዝ ይገባል፤ የሳናጋ ውሃ አትላንቲክ ይደርሳል፤ የሎጎን ምንጮች ደግሞ ወደ ሰሜን ወርደው ከሻሪ ጋር ቻድ ሐይቅ ውስጥ ያልቃሉ። ሎጎን ላይ ስንደርስ ከፊት የተቀመጠች ልጅ “እንደ አዋሽ!” አለች። ልክ ናት። አዋሽም ከደጃችን አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በመማሪያ መጽሐፍ “የውስጥ ተፋሰስ” የሚለውን ቃል ስንት ዓመት አስተምሬ በአንድ ቃል እንዲህ የገባው ተማሪ አላየሁም።

ዝናቡን በሜትር ለካን። ከካሜሩን ተራራ ግርጌ፣ ባሕሩ ዳር ዴቡንድሻ የምትባል መንደር በዓመት ወደ 10,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ተራራ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ያራግፈዋል። 10,000 ሚሊ ሜትር 10 ሜትር ነው። ልጆቹ ከፎቁ ሕንፃ ላይ ገመድ አወረዱና አሥር ሜትሩን በቾክ ምልክት አደረጉበት፤ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት በላይ ሆነ። ከሥሩ የአዳማን ዝናብ አሰመሩ፤ ወገብ አይደርስም። ቾኩ እስከ ግንቦት ዝናብ ድረስ ግድግዳው ላይ ነበር፤ የጽዳት ሠራተኞቹን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ግራዋ ልምጣ፤ ዓመቱን ሙሉ ከሠራነው ሁሉ ወላጆች የሚያነሡልኝ እሱን ነውና።

የካሜሩን ዝነኛ ወጥ ንዶሌ ይባላል። ቅጠል ነው፤ ከተፈጨ ለውዝ፣ ከሥጋ ወይም ከደረቀ ሽሪምፕ ጋር ይሠራል። ቅጠሉ ምን እንደሆነ ለማወቅ ፎቶውን ለባዮሎጂ መምህርቷ ሰጠናቸው። ገና ሲያዩት “ይሄማ ግራዋ ነው” አሉ፤ ሳይንሳዊ ስሙን አመሳከሩ፤ ቨርኖኒያ አሚግዳሊና፣ ያው ራሱ። ክበቡ ጸጥ አለ። ግራዋ እኮ ጋን የምናጥብበት ነው! አንዱ ልጅ ቤቱ ሄዶ ለአያቱ ሲነግራቸው “ውይ ልጄ፣ ምን አግኝቷቸው ነው?” ብለው ከልባቸው አዘኑላቸው።

ለመሥራት ወሰንን። ከአጥር ሥር ግራዋ ተቆረጠ፤ የሻይ ቤቷ እትዬ ድስታቸውን በብዙ ማግባባት ሰጡን። ቅጠሉን ሁለት ጊዜ አጥበን፣ ቀቅለን፣ ለውዙን ጨምረን አቀረብን። ማንም ሁለተኛ ጉርሻ አልደገመም። እኔ አስተባባሪ ነኝና ሦስት ጎረስኩ፤ ማታ ድረስ ምላሴ መረራውን አልለቀቀም። እትዬ ድስታቸውን ሲያጥቡ “ጥሩ አጸዳችሁልኝ” አሉ።

ስህተታችን ትዕግሥት ማጣት ነው። ካሜሩኖች ቅጠሉን ቀቅለው ያሹታል፣ ይጨምቁታል፣ ውሃውን ይደፋሉ፣ እንደገና ያሹታል። በሁለተኛው ሙከራ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጅጌዋን ሰብስባ ሳፋው ፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያው ውሃ ጥቁር አረንጓዴ ወጣ፤ አረፋ አለው። አራተኛው ላይ ፈካ አለ። በሰባተኛው ውሃ ቅጠሉን ቀምሳ ፊቷን ሳታጨማድድ ቀና ስትል ሁላችንም አጨበጨብን። ያን ቀን የተሠራው በሩዝ ተበልቶ አለቀ። ትንሽ መረር ማለቱ አልቀረም፤ እንዲያ ነው መሆን ያለበት አሉን ያነበብናቸው ሁሉ።

ጥር ላይ ቢሾፍቱ ሄድን። የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከካሜሩኑ ኒዮስ ሐይቅ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ማታ (እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1986) በሰሜን ምዕራብ ካሜሩን ከዚህ ሐይቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድንገት ገንፍሎ ወጣና በየሸለቆው ወርዶ 1,700 ያህል ሰው በተኛበት ገደለ፤ ከብቱም አለቀ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሞኑን የሚባል ሌላ ሐይቅ 37 ሰው ገድሎ ነበር። ቤቱ አልፈረሰም፣ እሳት አልተነሣም። ልጆቹ ይሄን ማመን አቃታቸው።

ቤተ ሙከራ ገባን። መጀመሪያ አምቦ ውሃ ከፈትን። ጋዙ ተዘግቶ ሳለ አይታይም፤ ክዳኑ ሲለቅ ይወጣል። ኒዮስም እንዲሁ ነው፤ ከምድር ሆድ የሚመጣው ጋዝ 200 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለው የውሃ ክብደት ታምቆ ይቆያል፤ ክዳኑ ራሱ ከላይ ያለው ውሃ ነው። አንድ ነገር ውሃውን ሲያናውጠው ግን እንደ ጠርሙሱ ይሆናል። ቀጥለን በካርቶን ደረጃ ሠርተን ሦስት ሻማ አቆምን። በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የተሠራውን ጋዝ ከላይ በኩል እንደ ውሃ ቀስ ብለን አፈሰስን። ምንም አይታይም። የታችኛው ሻማ ጠፋ፤ ከዚያ መካከለኛው። የላይኛው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንዲት ልጅ “ይብቃ ቲቸር” አለች። አቆምን።

ያን ጊዜ ነው “ቢሾፍቱስ?” የተባለው። ብዙዎቹ ለእሬቻ ወደ ቢሾፍቱው ሆራ ሐይቅ የሚሄዱ ልጆች ናቸው፤ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። የተከራየነው ሚኒባስ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጥቶ ዋጋ ጨመረብን፤ እሱን ልለፈው። ከቢሾፍቱ ሐይቅ ጠርዝ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ገደሉ ክብ ነው፣ ውሃው ድብን ያለ አረንጓዴ። የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ በፍንዳታ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ኒዮስም አፈጣጠሩ ይኸው ነው። መልሱን እዚያው ቆመን ሰጠሁ። በዓለም ላይ ይህን ያህል ጋዝ አምቀው የተገኙ ሐይቆች ሦስት ናቸው፤ ኒዮስ፣ ሞኑንና በሩዋንዳና በኮንጎ መካከል ያለው ኪቩ። የቢሾፍቱ 87 ሜትር ጥልቀት አለው፤ የኒዮስ ከ200 ይበልጣል። በእኛ ሐይቆች በብርዱ ወራት የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፣ ከታቹ ጋር ይደባለቃል፤ አይታመቅም። ኒዮስ ላይም ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እስከ ታች የሚወርድ ቧንቧ ገብቶ ጋዙ በራሱ ግፊት ውሃውን ወደ ሰማይ እየወረወረ እንዲወጣ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ ነው ልጆቹ ምሳቸውን የፈቱት።

ታሪኩን በሁለተኛው ሴሚስተር አጣደፍነው፤ ለፈተና ዝግጅት ብለው የ12ኛ ክፍሎቹ ቀርተውብን ነበር። አገሪቱ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1472 ፖርቱጋሎች ወንዙን በሽሪምፕ ሞልቶ አይተው “የሽሪምፕ ወንዝ” ስላሉት ነው፤ ይሄ በጣም አሳቃቸው። ጀርመን በ1884 ያዘቻት፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተካፈሏት። የፈረንሳዩ ክፍል በ1960 ነጻ ወጣ፤ በእንግሊዝ ሥር የነበረው በ1961 ድምፅ ሰጥቶ ሰሜኑ ወደ ናይጄሪያ፣ ደቡቡ ወደ ካሜሩን ሄደ። እነሆ ከ250 በላይ ቋንቋ ያለው ሕዝብ መንግሥት የሚናገረው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጠበቆችና መምህራን ያነሡት ተቃውሞ ወደ ትጥቅ ግጭት ተሻግሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። “ልጆቹስ የት ይማራሉ?” ተባለ። ጥያቄው ስለ ካሜሩን ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ደወሉ እስኪደወል ብዙም አልተናገርንም።

አንድ ሰው ግን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የባሙም ሕዝብ ንጉሥ ኢብራሂም ንጆያ። እ.ኤ.አ. በ1896 አካባቢ በመናገሻው ፉምባን ተቀምጦ ለሕዝቡ ቋንቋ ፊደል ፈጠረ። ሲጀምር ከ500 በላይ ምልክት ነበረው፤ እያሻሻለ 80 ላይ አደረሰው። የመጨረሻው በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት “አ ካ ኡ ኩ” ይባላል፤ እኛ “ሀ ሁ” እንደምንለው። ትምህርት ቤት ከፈተበት፣ የሕዝቡን ታሪክ ጻፈበት፣ የግዛቱን ካርታ አሠራበት። ፈረንሳዮች ከሥልጣን አውርደው ያውንዴ አጋዙት፤ እዚያው በ1933 ሞተ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ “እኛ 231 ይዘን እናማርራለን፣ እሱ ከ500 ጀመረ” አለ። የፊደል ገበታውን ቀድተው ከእኛው ፊደል ገበታ ጎን ለጠፉት፤ አሁንም ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ አለ።

ኳስ ካልተነሣ የኋላ ወንበሮቹ አይለቁኝም። ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን 4 ለ 1 ሲያሸንፈን መጀመሪያ ያገባነው እኛ ነን፤ ያገባውም በዚያን ጊዜ የአዳማ ከተማ አጥቂ የነበረው ዳዋ ሆቴሳ ነው። የይድነቃቸው ተሰማን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የፕሬዚዳንትነት ወንበር በ1988 (እ.ኤ.አ.) የወረሱት ካሜሩናዊው ኢሳ ሀያቱ እንደሆኑም በዚያው ተማርን።

ያልተሳካልን፦ ያውንዴ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ታኅሣሥ ላይ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ልከን መልስ ሳይመጣ ሰኔ ሆነ። ዋና ከተማው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መሆኑን ስንጽፍ አላሰብነውም። ሰኔ ላይ አንዷ አባል አያቷን ይዛ መጣች፤ የቀድሞው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ፈረንሳይኛውን እዚያው ሥራ ላይ የለመዱ። መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤያችንን በሙሉ አስነበቡና በእጃቸው መገልበጥ ጀመሩ። ከያውንዴ ንጋውንደሬ የሚደርስ የባቡር መሥመር እንዳለ ስንነግራቸው እስክሪብቶውን አቆሙ።

“ስንት ሰዓት ይፈጃል በሏቸው” አሉ፤ “ደግሞ በሰዓቱ ይገባ እንደሆነ ጠይቁልኝ።”

ጨምረንበታል። ደብዳቤው ሰኔ 20 ቀን ፖስታ ቤት ገብቷል።