የወጋየሁን ድምፅ በሚሞሪ ጫኑልን

ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ብዙ ዓመት አማርኛ አስተምሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጊዜው ለሁላችንም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። መንገድ በሚዘጋበት፣ ትምህርት ቤት በሚስተጓጎልበት ሰዓት ስለ መጽሐፍና ስለ ሬዲዮ ትረካ ማንሳት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ለምን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሬ ልንገራችሁ።

ያደግሁት ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ነው። በመንደሩ ሬዲዮ የነበራቸው አባቴና አንድ የእህል ነጋዴ ብቻ ነበሩ። የእኛ ሬዲዮ እናቴ የሠራችለትን ዳንቴል ለብሶ ግድግዳው ላይ በተመታች እንጨት ላይ ይቀመጣል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አባቴ አራቱንም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። እንደ በርበሬ። እኔ ደግሞ ዶሮ እንዳያንከባልላቸው እጠብቃለሁ። «ማታ ለትረካው ይድረሱልን» ይላል አባቴ። ፀሐይ የመታው ድንጋይ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ለአንድ ምሽት ይበቃል።

ትረካው «ከመጻሕፍት ዓለም» ነበር። መጽሐፉ «ፍቅር እስከ መቃብር»፤ አንባቢው ወጋየሁ ንጋቱ። ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ይመጣል። ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እየሰሙ ይፈትላሉ። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይወፍራል፣ ይኮራል። ሰብለ ወንጌልን ሲሆን ይለሰልሳል። በዚያን ጊዜ እንዝርቱ ይቆማል። እስከ ዛሬ ድረስ ከትረካው ይበልጥ ጆሮዬ ላይ የቀረው ያ የአምስት ስድስት እንዝርት ባንድ ጊዜ ዝም ማለት ነው።

ከአድማጮቹ መካከል አንድ መሪጌታ ነበሩ። ቅኔ የተማሩት ዲማ ጊዮርጊስ ነው። በዛብህ ዲማ ገብቶ ሲማር ሲተረክ እሳቸው መቀመጥ አይችሉም ነበር። «ያን ጎጆ አውቀዋለሁ እኮ!» ይላሉ። የቆሎ ተማሪውን ለምድ፣ አኩፋዳውን፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን የሚያባርረውን ውሻ፣ ሁሉን ከሬዲዮው ቀድመው ይነግሩናል። ዝም በሉ የሚላቸው የለም። እኛ ቤት መጽሐፉ በሁለት ሰው ይተረክ ነበር ማለት ይቻላል፤ በወጋየሁና በመሪጌታ።

አንድ ምሽት ሰብለ መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ ከወጣች በኋላ ድንጋዩ አለቀ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። አባቴ ድንጋዩን በጥርሱ ነከሰው፣ በእጁ አሸው። እምቢ አለ። ነጋዴው ቤት ለመሮጥ ደግሞ ጨለማ ነበር፤ ወንዝም አለ። የሆነውን ያወቅነው በማግስቱ ገበያ ላይ ነው። አባቴ ጨው የሚሸጥለትን ሰው መጀመሪያ የጠየቀው ዋጋ አልነበረም። «አገኘችው?» ነበር ያለው። ሰውየው ነገረው። አባቴ ቤት ገብቶ ለእናቴ ሲነግራት እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። የምታውቀው ሰው የሞተባት ያህል ነበር።

ያን ጊዜ መጽሐፉን የጻፈው ሰው የኛው አገር ልጅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት ከዚሁ ከማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። ጣሊያን ሲመጣ ዘመቱ፤ ተማርከው ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ዲፕሎማት ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ፣ ለንደን አምባሳደር ሆኑ። ይህን ሁሉ ዓለም ዞረው በ1958 ዓ.ም. ልብ ወለዳቸውን ሲያሳትሙ ታሪኩን የጀመሩት ከማንኩሳ ነው። እኔን ዛሬም የሚገርመኝ ይህ ነው። ብዙ ያየ ሰው ስለ ሩቅ አገር ሊጽፍ ይችል ነበር። እሳቸው ግን ለልጇ ስለተሳለች አንዲት የማንኩሳ እናት ጻፉ። ከዚያ አስር ዓመት ቀድሞ በ1948 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፋቸውም ርእሱ «ተረት ተረት የመሠረት» ነበር። አያቶቻችን እሳት ዳር ተረት ሲጀምሩ የሚሏትን ቃል ነው መጽሐፍ ላይ ያተሟት።

በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለውን ጉዱ ካሣን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በልጅነቴ ወፈፍ ያለ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ሰፈሩም የሚለው ያንኑ ነው። አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ሳነበው ግን ከሁሉም ይልቅ አእምሮው ሙሉ የሆነው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ጌታና ሎሌ፣ ዘርና ጉልት እንዲህ ሆኖ መቀጠል እንደማይችል ጮኾ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ «ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ ጤነኛ?» የሚል ጥያቄ እሰጥ ነበር። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። ደወል ተደውሎም አይወጡም። ከማስተማር ዘመኔ የምናፍቀው እነዚያን ቀኖች ነው።

ሐዲስ ብቻቸውን አይደሉም። ደብረ ኤልያስ ዮፍታሔ ንጉሤን አፍርታለች። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ከቅኔ ቤት ወጥተው የቴአትር ሰው ሆኑ። በጣሊያን ጊዜ ሱዳን ተሰደዱ። «አፋጀሺኝ» የሚለውን ቴአትራቸውን ስሙን እንኳ የሚያውቅ ወጣት ዛሬ ስንት ነው? አቸፈር ደግሞ አቤ ጉበኛን አፍርታለች። በ1955 ዓ.ም. ባወጣው «አልወለድም» በሚለው መጽሐፉ ገና ያልተወለደ ልጅ በእናቱ ሆድ ሆኖ እንዲህ ያለ ዓለም ላይ አልወጣም ብሎ ይሟገታል። መጽሐፉ ታገደ። ሰው ግን እየተደበቀ አነበበው። ቅኔ ያደገበት አገር ሰው ነገርን እንዲህ አዙሮ መናገር ያውቅበታል። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ውስጥ ሰሙን ላይ አድርጎ ወርቁን ከሥር መቅበር ዋሸራና ጎንጅ የተማረ ሰው የለት ሥራው ነው።

በላይ ዘለቀን ደግሞ ከመጽሐፍ በፊት ያወቅሁት በሰርግ ቤት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ «አባ ኮስትር» ሲል ሽማግሌዎቹ ይነሳሉ። አንዱ ዱላውን ወድሮ ይፎክራል። አንዱ ያለቅሳል። አጎቴ ከሚያለቅሱት ነበር፤ በላይን በዓይኑ አይቶታል። አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን በበረሃ ያስጨነቀ አርበኛ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ ስቅላት መሞቱን አጎቴ ተናግሮ አይጨርሰውም ነበር። «ወግድ፣ ተወኝ» ይለኛል። እኔም ሳልጽፍለት፣ ሳልቀዳው አጎቴ ሞተ። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። አስተማሪ ነበርሁ፤ ደብተርም እስክሪብቶም ነበረኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አምና የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ተሰጣት፤ ስለ አንድ የአካባቢዋ ደራሲ እንድትጽፍ። የምትማረው አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሌላውም ቦታ ከዚያ የተሻለ ነው ብዬ ስለማላስብ። አብረን ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪገኝ እስከ ቀትር ጠበቅን። ሲከፈት መደርደሪያው ላይ ያለው የድሮ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁ። ሰውየው ደግ ሰው ነው፤ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠን። ሽፋን የለውም። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተለጥፎበታል። መጨረሻው ላይ ብዙ ገጽ ተገንጥሏል። ልጅቷ አገላብጣ አይታ «መጨረሻውስ?» አለችኝ። አባቴ ገበያ ላይ የጠየቀው ጥያቄ መጣብኝ።

ከዚያ ወጥተን መናኸሪያው አጠገብ ስናልፍ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ በር ላይ ሕዝብ ተኮልኩሏል። ልጁ ሚሞሪ ይጭናል። እረኛው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ገበያ የመጣው ገበሬ ሳይቀር ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ ይሰጠዋል፤ ልጁ ዘፈን ሞልቶ ይመልስለታል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ባለንበት ቦታ የዛሬው ሬዲዮ ጣቢያ ይህ ሱቅ ነው። የጎጃም እረኛ ዛሬ ዋሽንት ብቻ አይደለም የያዘው፤ ደረቱ ላይ ትንሽ ስፒከር አንጠልጥሏል። ከዚያ ስፒከር ውስጥ ወጋየሁ ቢወጣስ?

ልጁን «ትረካ አለህ?» አልሁት። «የምን ትረካ?» አለ። ነገርሁት። «አምጡልኝና እጭናለሁ፤ ሰው ይወደዋል» አለኝ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ጋር ተነጋገሩ። ከደራሲዎቹና ከተራኪዎቹ ቤተሰቦች ጋር ተነጋገሩ፤ የእነሱ ፈቃድ ይቅደም፣ የሚገባቸውም ይከፈላቸው። ከዚያ የድሮዎቹን ትረካዎች አጥርታችሁ ለእነዚህ ሚሞሪ ለሚጭኑ ልጆች ስጧቸው። ለማርቆስ፣ ለቢቸና፣ ለደጀን፣ ለፍኖተ ሰላም፣ ለዳንግላ። አዳራሽ አያስፈልገውም፤ ሪባን አያስቆርጥም። አንድ ባለሙያና አንድ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። መንገድ ቢዘጋም ሚሞሪ ከሰው ኪስ ወደ ሰው ኪስ ይሄዳል።

ሁለተኛው ልመናዬ ሰው እያለ ቅዱ የሚል ነው። እነዚያ መሪጌታ አርፈዋል። አጎቴ አርፏል። ግን በየደብሩ የቅኔ መምህራን ዛሬም አሉ። በላይን የሚያዜሙ አዝማሪዎች አሉ። ገናን በሩርና በጠማማ ዱላ የተጫወቱ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ቅልጥማቸው ሳይቀር የተመታ ሽማግሌዎች አሉ። በማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ፤ ቤቱ እዚሁ ነውና እጃችሁን አያይዙ። ከአዊ ወንድሞቻችንም መማር ይቻላል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን እየሸለመ ስለሚወጣ እንጅባራ ያለ ሕፃን ጉግስ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። ያየዋል።

መጽሐፉስ ትሉኝ ይሆናል። እንዶዳም፣ ደብረ ኤልያስ፣ ማንኩሳ አንዳንድ መደርደሪያ ይቁም። የራሳቸው ልጆች የጻፉት ይቀመጥበት፤ «የልምዣት»፣ «ወንጀለኛው ዳኛ»፣ «ትዝታ»፣ «አንድ ለናቱ»። ትምህርት ቤት ግቢ ቢሆን እመርጣለሁ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግም ይበቃል። ቁልፉ ግን ልጆች እጅ ይሁን፤ ይህን ከልምድ ነው የምናገረው።

ደብዳቤዬን ያነበበ ባለሙያ ስልክ ቢደውልልኝ፣ ወይም ማርቆስ ሲመጣ ብቅ ቢል፣ ያን ሱቅ እኔ ራሴ ወስጄ አሳየዋለሁ። ለመጀመሪያው መደርደሪያ የሚሆን አንድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቤቴ አለ። ከመጀመሪያ ደመወዜ ላይ የገዛሁት ነው። መጨረሻው አልተገነጠለም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር
ደብረ ማርቆስ