የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ አና ኤቫ የማን ልጅ ነበረች?

የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ አሥራ አንድ አባላት ይዞ ዓመቱን በሙሉ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ዱካ ሲከተል ከርሟል። የመረጥነው ከጀርመን ወደ አሜሪካ የመጣውን የኮንራድ ቫይዘርን ቤተሰብ ነው፤ አና ኤቫ ሚስቱ ነበረች። ከምንኖርባት ከፊላደልፊያ ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና በሚደረስባት በዎሜልስዶርፍ መቃብሩ ዛሬም ይገኛል፤ ሰውየው ስለ ሕይወቱ በጀርመንኛ የጻፈውም ስለተረፈ ጀማሪ የሚይዘው ጫፍ አያጣም። ዓመታቱን ሁሉ መዛግብቱ በተጻፉበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

የቤተሰቡ መነሻ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የሚገኘው ቩርተምበርግ ነው። በ1709 መግቢያ በአውሮፓ ላይ የወረደው ውርጭ ወይኑን አደረቀው፤ ጦርነትና ግብር አስቀድመው ያጎሳቆሉት ገበሬም በራይን ወንዝ እየወረደ በሺዎች ለንደን ገባ። የኮንራድ እናት በዚያው ዓመት በሜይ መጨረሻ ዐረፈች። ወር ሳይሞላት አባትየው ያገባች ሴት ልጁን በቤቱና በማሳው ላይ ትቶ ከስምንት ልጆቹ ጋር መንገድ ጀመረ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1710 ወደ 3,000 የሚጠጉትን ስደተኞች ወደ ኒው ዮርክ የላካቸው በሃድሰን ወንዝ ዳር ከጥድ ዛፍ ለባሕር ኃይሉ ቅጥራን እንዲያወጡና የወጣባቸውን ወጪ በጉልበታቸው እንዲከፍሉ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩት ገና በጉዞ ላይ አለቁ፤ የቅጥራኑም ሥራ በ1712 ተቋረጠ።

የክበቡ ልጆች በመጀመሪያ የሠሩት ከዚህ ዘመን በተረፈው የስንቅ ዝርዝር ላይ ነው። ገዥው ሮበርት ሀንተር ለስደተኞቹ ያደለውን ምግብ መንግሥት እንዲተካለት ሲል የየቤቱን አባወራ ስም፣ ከዐሥር ዓመት በላይና በታች የሆኑትን ሰዎች ቁጥር አስመዝግቧል። ዝርዝሩ የተጻፈው ለሂሳብ እንጂ ለትውልድ ቆጠራ አይደለምና ሚስትና ልጆች ቁጥር ብቻ ሆነው ቀርተዋል። ከኮንራድ ወንድሞች ሁለቱ፣ ጆርጅ ፍሪድሪክና ክሪስቶፍ ፍሪድሪክ፣ በገዥው ትእዛዝና በአባታቸው ፈቃድ ለሎንግ አይላንድ ሰዎች በአገልጋይነት መሰጠታቸውን ያወቅነው ኮንራድ ራሱ ስለጻፈው ነው። አንዲት ተማሪ ይህን ባነበበችበት ቅዳሜ ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ትልቅ ስሕተት ሠርተናል፤ ጥፋቱም በአብዛኛው የእኔ ነበር። አባትም ልጅም ዮሐን ኮንራድ ቫይዘር ይባሉ ስለነበር የሁለቱን ዘመን በአንድ ሰው ላይ ደራርበን አንድ ሰፊ ወረቀት ሞላን። ነገሩን ያፈረሰው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያነሣው ጥያቄ ነው፤ በ1718 ለሰፋሪዎቹ የመሬት ጉዳይ አቤት ሊል ለንደን ሄዶ በ1723 የተመለሰ ሰው በ1720 ስደተኞቹ ከቅጥራኑ ሥራ በኋላ በሰፈሩበት በኒው ዮርኩ ሾሃሪ ሸለቆ እንዴት ሚስት ሊያገባ ቻለ? ወረቀቱን ቀደድነው። ለንደን የከረመው አባትየው ነበር፤ ያገባው ልጅየው። በዚያ ዘመን ጀርመኖች አብዛኞቹን ወንዶች ልጆች ዮሐን ብለው አጥምቀው በሁለተኛው ስም ይጠሯቸው ስለነበር፣ የመጀመሪያውን ስም ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ያለጥርጥር ይሳሳታል።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብን የሙሽራይቱ ጉዳይ ነው። ኮንራድ በኖቬምበር 22 ቀን 1720፣ በአባቱ ቤት፣ አና ኤቫን ቄስ እንደዳሩለት ጽፏል፤ የማን ልጅ እንደሆነች ግን አልጻፈም። ይህ ክፍተት ከጊዜ በኋላ በወሬ ተሞላ። ኮንራድ በወጣትነቱ አንድ ክረምት ከአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሞሃክ ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን ስለተማረና ኋላም የፔንሲልቫኒያ ዋና አስተርጓሚ ስለሆነ፣ ሚስቱም ሞሃክ ነበረች የሚል ወግ ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ዛሬ ተመራማሪዎች ከስደተኞቹ መካከል የነበረ የፌክ ቤተሰብ ልጅ መሆኗን ይቀበላሉ። የእኛ ልጆች ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደማትለቅ እያዩ ያደጉ ናቸውና፣ አንዲት ሴት ወደ ባሏ ስም ስትገባ ከመዝገብ እንደምትጠፋ ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በአንጻሩ ስለ አቆጣጠር ለውጥ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ አዲሱን ዓመት በማርች 25 ይጀምሩ እንደነበር ስነግራቸው፣ ቤታቸው ሁለት የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለባቸው ልጆች ቶሎ ገባቸው።

ኮንራድ በ1729 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በፔንሲልቫኒያ ቱልፐሆከን በሚባል ሸለቆ ሰፈረ። ከሾሃሪ የወጡ ሌሎች ጀርመኖች በ1723 እዚያ ማረስ ጀምረው የነበረ ሲሆን፣ የፔንሲልቫኒያ መሥራች የዊልያም ፔን ወራሾች መሬቱን ከባለቤቶቹ ከሌናፔ ሕዝብ የገዙት ግን በ1732 ነው። ይህን የዘጠኝ ዓመት ክፍተት አባላቱ በግድግዳ ሰሌዳቸው ላይ በቀይ ቀለም ጽፈውታል፤ እንዲያጠፉት አልጠየቅኋቸውም። ከአሥራ አራቱ የኮንራድና የአና ኤቫ ልጆች ለአቅመ አዳም የደረሱት ግማሾቹ ናቸው። ከእነርሱ አንዷ አና ማሪያ በ1745 የሉተራን ቄስ ሄንሪ ሜልኪዮር ሙለንበርግን አገባች፤ ልጇ ፍሬድሪክም በ1789 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያው አፈ ጉባኤ ሆነ።

በግንቦት በወላጆች መኪና ዎሜልስዶርፍ ሄድን። በ1760 የሞተው ኮንራድ የተቀበረው በገዛ እርሻው ነው። የክበቡ ልጆች የአሮጌውን ጀርመንኛ ፊደል ሲለማመዱ ከርመው ነበርና፣ የመቃብሩን ድንጋይ ጽሑፍ ሳልረዳቸው ስሙንና የተወለደበትን 1696ን አነበቡ። በሚቀጥለው መስከረም በሎንግ አይላንድ የቀሩትን ሁለት ወንድማማቾች እንጀምራለን።