የነከሰ ውሻ ጉዳይ የማን ነው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው፣ ነገሩ ስለ ውሻ ነው፣ አትሳቁ። ውሻ ሰው ሲነክስ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ጉዳዩን ማን ነው የሚይዘው? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

በክረምቱ የጎረቤታችንን ልጅ ሰኞ ገበያ አካባቢ በሩ ክፍት ከተተወ ግቢ የወጣ ውሻ ባቱን ዘነጠለው (በሩ ላይ ደሞ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል፣ እንዳወቀ አይቆጠርበትም?)። ከእናትየዋ ጋር ጣቢያ ሄድን፣ ተረኛው ደህና አርጎ ሰማንና «ከባለቤቱ ጋር በሽማግሌ ጨርሱ፣ ውሻው ግን የግብርና ጉዳይ ነው» አለ። የእንስሳት ሀኪሞቹ ጋ ስንሄድ «እኛ እንከትባለን እንጂ አንይዝም፣ ፖሊስ ይዞ ያምጣው»፣ ቀበሌ ስንሄድ «ከፖሊስ ደብዳቤ አምጡ»። እኛ ስንመላለስ የሰፈር ጎረምሶች ውሻውን በድንጋይ ቀጥቅጠው ገደል ከተቱት፣ ሰፈሩም ተገላገልን ብሎ ተኛ።

ምኑን ነው የተገላገልነው? የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን ይታያል፣ በደህና ከቆየ ሲነክስ የእብድ ውሻ በሽታ አልነበረበትም ማለት ስለሆነ የተጀመረውን ክትባት ሀኪም ሊያቆመው ይችላል። ከሞተ ደሞ ጭንቅላቱ በበረዶ ተይዞ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላብራቶሪ ሄዶ ይመረመራል። ገደል የገባው እንግዲህ ማስረጃው ነው። ልጁ ክትባቱን እስከ መጨረሻ ወሰደ፣ ምክንያቱም ይሄ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፣ እናቱም ብሯን ይዛ ክትባት ፍለጋ ስትንከራተት ከረመች፣ የውሻው ባለቤት «የኔ ውሻ አይደለም» ብሎ ካደ፣ ማን መዝግቦ ማን ፎቶ አንስቶት!

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ ሳያስበው አምልጦት ቢሆን እንኳ። ግን ውሻው የማን እንደሆነ ማን ያጣራ?

እንግሊዝ አገር የአደገኛ ውሾች ሕግ ከወጣ ከ1991 ጀምሮ ነው (በነሱ አቆጣጠር)፣ ፖሊሶቻቸው በውሻ ሕግ የሰለጠነ ኦፊሰር አላቸው፣ ውሻውን የሚለየው፣ ባለቤቱን የሚጠይቀው፣ ለፍርድ ቤት ፋይል የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ብዙ ቦታ እንዲያውም ሌላ ሥራ እየሠራ ደርቦ ነው የሚይዘው። እነሱም ቢሆኑ አልቀለላቸውም፣ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለውን ዝርያ ያለ ፈቃድ መያዝ በ2024 ከከለከሉ በኋላ የተያዘ ውሻ ማቆያውን ሞላው፣ በ2018 ወደ 4 ሚሊዮን ፓውንድ የነበረው የማቆያና የሀኪም ወጪ በ2024 ከፌብሩዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ብቻ ከ11 ሚሊዮን አለፈ። ስለዚህ ማቆያ ገንቡ አልልም፣ የትኛው በጀት ችሎት! የኛ ችግር ዝርያም አይደለም፣ የኛው የሰፈር ውሻ ነው፣ ለሌባና ለጅብ ተብሎ ማታ የሚለቀቅ፣ ሊነጋጋ ሲል ለሱብሂና ለኪዳን የሚወጣው ሰው ድንጋይ ይዞ የሚያልፈው። ኮምቦልቻ ደሞ ከፋብሪካ ሺፍት ማታ የሚወጡትን ልጆች ጠይቁ።

እኔ የምለው በየጣቢያው አንድ ሰው ይመደብ ነው፣ አዲስ ቅጥር አያስፈልግም፣ ከኮሚኒቲ ፖሊሶቹ አንዱ ጥቂት ቀን ከእንስሳት ሀኪም ጋር ቢሰለጥን ይበቃል። አንድ መዝገብ፣ ጫፉ ላይ ገመድ ያለው ረጅም ዘንግ፣ የሀኪሙ ስልክ። ንክሻ ሲነገረው በዚያው ቀን ሄዶ ውሻውን ፎቶ ያነሳል፣ የክትባት ወረቀት ይጠይቃል፣ ባለቤቱን 10 ቀን አስረህ ጠብቅ፣ ቢሞትም ቢጠፋም ተጠያቂ ነህ ብሎ ያስፈርማል፣ ጎረምሶቹንም ድንጋዩን አስቀምጡ ይላል። ሽምግልናውን አልጠላም፣ ወሎ ላይ ብዙ ነገር የሚያልቀው በሱ ነው፣ ግን ሽማግሌ የሚፈርደው ስለ ካሳ ነው፣ ውሻው መታመም አለመታመሙን አይነግረንም።

እስቲ እናንተ ለሁለቱም ከተሞች ፖሊስ ደውላችሁ ይሄን ሥራ በየጣቢያው ማን እንደያዘው ጠይቁልን፣ መልስ ካገኛችሁም ስልክ ቁጥሩን አውጡልን።

አንድ የደሴ ነዋሪ