የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሬዶንን ቤት ለቤት ስንለካ

ዘንድሮ የሳይንስ ክበቡ የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ በአባላቱና በፈቃደኛ ጎረቤቶች ቤት ውስጥ ያለውን የሬዶን ጋዝ መጠን መለካት። እንደተለመደው የእሳተ ገሞራ ሞዴል ሠርተን በወላጆች ቀን ብናፈነዳ ይቀል ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን እሺ አላሉም።

ሬዶን ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። በአለትና በአፈር ውስጥ ያለው ዩራኒየም እየፈረሰ ሲሄድ ራዲየም ይፈጠራል፣ ከራዲየሙ ደግሞ ይህ ጋዝ ይወጣል። ሜዳ ላይ ከሆነ ነፋስ ይበትነዋል። ጣጣው የሚመጣው በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ቀዳዳ ሾልኮ ቤት ገብቶ ሲጠራቀም ነው። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ካለው ጋዝ ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ፣ 3.8 ቀን ገደማ ነው። ሲፈርስ የሚተካው ፖሎኒየም ጠጣር በመሆኑ ከአቧራ ጋር ተጣብቆ ሳንባ ውስጥ ይቀመጥና አልፋ የሚባለውን የቅንጣት ጨረር ይለቃል። በብዙ አገሮች ከሲጋራ ቀጥሎ ዋናው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ይኸው ጋዝ ነው፤ አጫሽ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

በንባብ ሰሞን ልጆቹን የያዛቸው የስታንሊ ዋትራስ ታሪክ ነው። ሰውየው በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ በሚገነባ የኑክሌር ማመንጫ ሲሠራ የጨረር ማስጠንቀቂያውን በተደጋጋሚ ያስጮኸው ነበር። ማመንጫው ግን ገና ኃይል ማመንጨት አልጀመረም። ሲጣራ ጨረሩን ይዞ የሚመጣው ከገዛ ቤቱ ሆኖ ተገኘ።

መለኪያችን ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በጥቁር ክዳን ሥር ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ አለች፤ አልፋ ቅንጣት ሲመታት ለዓይን የማይታይ ጠባሳ ይቀርባታል። ከ3 ወር በኋላ ላቦራቶሪው ጠባሳውን በኬሚካል አጉልቶ በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል። የምትቀመጠው ሰው በሚኖርበት ዝቅተኛው ፎቅ፣ መኝታ ቤት ወይም ሳሎን ነው፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይሆንም። አንዲት እናት ሕፃናት እንዳይነኩባቸው ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውባት አገኘን። የሄደችው ተማሪ «እማማ፣ እሷም እኛ የምንተነፍሰውን አየር ነው መተንፈስ ያለባት» ብላ አወጣቻት፤ ልኬቱም እንደገና ተጀመረ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር መጠኑ በሜትር ኪዩብ አየር ከ100 ቤኬሬል (በሰከንድ የሚፈርሱ አቶሞች ቁጥር) እንዳይበልጥ፣ ይህ ካልተቻለም ከ300 እንዳያልፍ ነው። አብዛኞቹ ቤቶች ከ100 በታች ናቸው። ጥቂቶቹ አልፈዋል፤ አንዱ ደግሞ ከ300 በላይ ሆነ። የዚያ ቤት አጥር ተጋሪ ግን ከዝቅተኞቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ «የጎረቤቴ ከተለካ የእኔ ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው ልጆቹ መልስ አላጡም።

ያከራከረን የውጤቱ አያያዝ ነው። የማን ቤት ከፍ እንዳለ ለማወቅ የጠየቁን ብዙ ናቸው፤ ስም ያለበት ዝርዝር ይለጠፍ ያሉም ነበሩ። አልተስማማሁም፤ የሰው ቤት ገበና ነው። እያንዳንዱ ውጤት በታሸገ ፖስታ ለባለቤቱ ብቻ ደረሰ፤ በክፍል የታየው ስም የሌለው ሰንጠረዥ ነው።

ከ300 ያለፈው ቤት ባለቤት መጀመሪያ የወለሉን ስንጥቅ አስደፈኑ። መድፈን ብቻውን ብዙ ጊዜ እንደማይበቃ ስለነገርናቸው ከወለሉ ሥር ቧንቧ አስገብተው፣ አየሩን ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ማራገቢያ አስገጠሙ። የድጋሚው መለኪያ አሁን መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ነው። ውጤቱ የሚመጣው ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ፖስታውን የሚያደርሱ 2 አባላት ከወዲሁ ተመድበዋል።