እታለም፣ ሶፋው ይቆይ

ጎተንበርግ፣ ስዊድን

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፤

እንደምን ከርማችኋል? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

የላክሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ቆርቆሮው ተመቶ ሳይ ደስታዬን የምገልጽበት ቃል አጣሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ የራሳችን ቤት! እማዬ ለዚህ ቀን መድረሷ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ሳሎኑን በምን እናሳምረው ብለሽ ጠይቀሽኛል። የመረጥሽው ሶፋ ያምራል። ግን እባክሽ ቀብድ እንዳትከፍዪ። መጀመሪያ እማዬ የት እንደምትቀመጥ እንወስን፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለምን መሰለሽ? እኔ እዚህ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርሁ ስንከባከብ ብዙ ሳሎን አያለሁ። አንዲት እናት አሉ፣ ቤታቸው ጠባብ ነው። ወንበራቸው መስኮቱ ሥር ነው። መቀመጫው ከፍ ያለና ጠጠር ያለ፣ የእጅ መደገፊያው ወፍራም እንጨት ነው። ሁለት እጃቸውን እሱ ላይ ተክለው ያለ ደጋፊ ብድግ ይላሉ። በቀኝ በኩል መነጽርና መድኃኒት የሚያስቀምጡባት ትንሽ ጠረጴዛ አለች። መብራቱ ከትከሻቸው በላይ ነው። የልጅ ልጆቻቸው መጫወቻ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑ ላይ ስስ ፍራሽ ስላለበት እንግዳ ሲመጣ ይቀመጥበታል። ዕቃቸው ጥቂት ነው፤ ያለ ሥራ የተቀመጠ ግን የለም። ቤቱ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር!

ያንቺ ሶፋ ዝቅ ያለና የሚያሰምጥ ነው። አሁን ሰው ሁሉ የሚወደው መጅሊስም ያው ነው። እማዬ አንዴ ከተቀመጠችበት ሰው ካልጎተታት አትነሳም። ለእሷ መቀመጫው ከወለል ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር አሠሪላት። ቁመቷን አናጺው ራሱ መጥቶ ይለካ። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚሠራበት እንጨት አገራችን እያለ፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ቺፕውድ በውድ የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ብቻ ጣውላው በደንብ መድረቁን አረጋግጪ። እርጥቡ ቤት ከገባ በኋላ ይጣመማል።

ለልጆቹና ለእንግዳ መቀመጫ እንጅባራ ድረስ ብትሄጂ አይቆጭሽም። የአዊ ቀርቀሃ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው አንስተው ያዞሩታል። ግን ለጋ ቀርቀሃ ነቀዝ ይወዳል። ሦስት ዓመት ያለፈውና በበጋ የተቆረጠ መሆኑን ጠይቂ።

አሁን ስለ ብርሃን። የማርቆስን ብርድ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። የእማዬ ወንበር በደቡቡ መስኮት በኩል ከሆነ፣ ብርድ በሚጠናበት ወራት እግሯ ላይ ፀሐይ ያርፍላታል። በምዕራብ በኩል ግን የከሰዓቱ ፀሐይ ጨርቅ ስለሚያነጣ ወፈር ያለ መጋረጃ ስቀዪ።

ከማንኛውም ዕቃ በፊት ኮርኒስ ይሠራ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ እንኳ እንደማይቻል ታውቂያለሽ። ሌሊትም ሙቀቱን ይይዝላችኋል። ልስኑ ሳይመታ ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ ሶኬቱን ያብዛ፤ አንዱ የእማዬ ወንበር አጠገብ፣ አንዱ ልጆቹ የሚያጠኑበት ጠረጴዛ ጋ። በኋላ ግድግዳ መቦርቦር ወጪ ነው፣ ማከፋፈያ መሬት ለመሬት መጎተትም ለእማዬ እግር አደጋ ነው።

የቡናው ቦታ በሩ አጠገብ ካለው መስኮት ሥር ይሁን። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አይደርስ፤ ሴራሚክ ከሆነ ፍም ቢወድቅም አይጎዳም፣ ቄጤማውም በቀላሉ ይጠረጋል። ከሰል ሲቀጣጠል ግን መስኮቱ ይከፈት፣ አደራ። ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ሰው ሳያውቀው ነው የሚገድለው።

መተላለፊያው ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፣ እማዬ ከዘራዋን ይዛ እንድታልፍ። ጠረጴዛውን ከመቀመጫው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቂው። ቡፌውን ተይው። ዓመት ሙሉ የማይነካ ብርጭቆ ከምንደረድርበት ለልጆቹ መጽሐፍ መደርደሪያ ይሠራበት።

ለማማሩ አትስጊ። ግድግዳው ነጣ ያለ ቀለም ይቀባ። እማዬ የፈተለችው ድር ለሸማኔ ይሰጥና ለትራስ ልብስ ይሁን፤ ጥለቱን አንቺ ምረጪ፣ ዓይንሽን አምነዋለሁ። መሶቡን ጓዳ አትደብቂው፣ ሳሎን ይቀመጥ።

ሳሎኑን በሜትር ለክተሽ፣ በሮቹና መስኮቶቹ በየት በኩል እንደሆኑ ወረቀት ላይ ስለሽ ፎቶውን ላኪልኝ። የኮርኒሱን ብር ደመወዝ እንደተቀበልሁ እልካለሁ። የሶፋውን ባለቤት ይቅርታ ጠይቂልኝ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላትና ወንበሯን በየት በኩል እንደምትፈልግ ጠይቂያት። የእሷ ቃል ከእኔም ካንቺም ይቀድማል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ታናሽ ወንድምሽ