«ለጊዜው ነው» አትበይኝ፦ ደብዳቤ ማድሪድ ላለችው ልጄ

ሚጡዬ፣ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ባሕር ዳር ዝናቡ ገብቷል፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። ይህን በስልክ ከምነግርሽ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። በስልክ ሲሆን አንቺ «ደህና ነኝ አባዬ» ትያለሽ፣ እኔ «ጎሽ» እላለሁ፣ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ በቃ በዚያው ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለ። ስለ ክፍልሽ ስጠይቅሽ፣ ስለ ሥራሽ ስጠይቅሽ፣ ጓደኛ አፈራሽ ወይ ስልሽ፣ ለሁሉም መልስሽ አንድ ነው። «ለጊዜው ነው።» ፍራሹ ጀርባሽን ያምሻል፤ ለጊዜው ነው። አብረውሽ ከሚኖሩት ልጆች ጋር ማዕድ አትቀርቢም፤ ለጊዜው ነው። ልብስሽ እስካሁን ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ለጊዜው ነው። ማስተርስሽ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሁለት ዓመት ደግሞ ለጊዜው አይደለም ልጄ። ዕድሜሽ ነው። እዚያ እስካለሽ ድረስ እዚያው ኑሪ፣ የምልሽ ይኸው ነው።

ከመሬት ተነስቼ አይደለም። እንደምታውቂው አባቴ ኦጋዴን ላይ ከወደቀ በኋላ፣ እኔም በ1971 ዓ.ም. ከብዙ መሰል ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላክሁ። ያረፍነው ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባል ደሴት ላይ ነበር። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን እርሻ ላይ ነን፤ ቶሮንሃ የሚሉትን፣ ከብርቱካን የሚተልቀውንና መረር የሚለውን ፍሬ እንለቅም ነበር። አጎራባች ትምህርት ቤቶች የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያ ልጆች ነበሩባቸው። ከአገር ቤት ደብዳቤ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። እናቴ «ልጄ ታመመብኝ ወይ» ብላ የጻፈችው ደርሶኝ ሳነበው፣ ሕመሙ ከተረሳ ቆይቷል።

እዚያ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ሩዝና ጥቁር ባቄላ አልበላም ያለ። «አገሬ ስገባ እበላለሁ» ይላል። ኳስ ስንጫወት ዳር ቆሞ ያያል፣ ሙዚቃ ሲከፈት ወደ መኝታው ይሄዳል። አገሩን ከእኛ አብልጦ ይወድ ነበር ብለሽ እንዳታስቢ። ሁላችንም ማታ ማታ እናለቅስ ነበር። ልዩነቱ፣ እኛ ቀን ቀን ደግሞ እንስቅ ነበር። እኔ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ ቡና ስታፈላ ጠጋ እላለሁ። በትንሽ ሲኒ፣ ስኳር የበዛበት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ቡና ነበር። እናቴ እንዴት እንደምትቆላው፣ እንዴት እንደምትወቅጠው፣ ጭሱን ለእንግዳ እንዴት እንደምታዞረው በተሰባበረ ስፓኒሽ አስረዳኋት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስት ስር የቀረውን ለእኔ ታስቀምጥልኝ ነበር፣ ስታመም ደግሞ መጥታ ግንባሬን ትዳስሳለች። እኔን እዚያ ያቆመኝ ያ ነው። ትልልቁ ነገር አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሻንጣውን ባዶ አድርጊ። ልብስሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ስቀዪ። ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ለጥፊበት።

ቀጥሎ የአድራሻ ምዝገባው። ኤምፓድሮናሚየንቶ የሚሉት ማለቴ ነው። አከራይሽ «እኔ ቤት አትመዝገቢም» እንዳለሽ ነግረሽኛል። ማድሪድ የሚኖረውን ኩባዊውን የኩባ ዘመን ጓደኛዬን ጠይቄው ነበር፣ ብዙ አከራዮች እንደዚህ እንደሚሉ ነገረኝ። ሕጉ ግን ከአንቺ ጋር ነው። የምትኖሪበት ቦታ ላይ መመዝገብ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። አከራዩ እንቢ ቢልም በሌላ መንገድ እዚያ መኖርሽን ማሳየት ይቻላል፣ ካስፈለገም ማዘጋጃ ቤቱ ሰው ልኮ ያጣራል። ማድሪድ ውስጥ 010 ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። ቀጠሮ ደግሞ በነፃ ነው። «ቀጠሮ እሸጥልሻለሁ» የሚል ሰው ካገኘሽ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት በይና እለፊው። ያቺ ወረቀት ለጤና ካርድም፣ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳትም፣ ለብዙ ነገር ትጠየቂባታለሽ። እና ደግሞ፣ ይኼ የእኔ ስሜት ነው፣ ሰው በሚኖርበት ከተማ መዝገብ ላይ ስሙ ሲሰፍር አካሄዱም ይለወጣል።

ስለ ሥራው አጭር ላድርገው። በተማሪ ቪዛ በሳምንት እስከ 30 ሰዓት መሥራት ይፈቀድልሻል። ካፌው ውል ሰጥቶሻል፣ ጥሩ። ግን በሶሻል ሴኪዩሪቲ በትክክል አስመዝግቦሽ እንደሆነ ራስሽ አረጋግጪ። ቪዳ ላቦራል የሚባለውን ማስረጃ በኢንተርኔት በነፃ ማውጣት ትችያለሽ፤ የሙሉ ሰዓት ሥራ ስንት በመቶ ብለው እንዳስመዘገቡሽ እዚያ ላይ ይወጣል። 25 ሰዓት እየሠራሽ 10 ሰዓት ብለው ካስመዘገቡሽ ዝም አትበይ። አንቺ ይሉኝታ ታበዣለሽ፣ ከእናትሽ የወረስሽው ነው፣ ግን ይሉኝታ የጡረታ መዋጮ አይከፍልም።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብቸኝነትሽ ግማሹ ከሰዓቱ የሚመጣ ይመስለኛል። አንቺ በእኛ ልማድ 6 ሰዓት ላይ ምሳ ትበያለሽ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ እራትሽን ጨርሰሽ ክፍልሽን ትዘጊያለሽ። እነሱ ምሳ የሚበሉት ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፣ እራት ደግሞ ማታ 3 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ላይ። እነሱ ሲወጡ አንቺ ተኝተሻል። ሌላ ሚስጥር የለውም፣ ሳትገናኙ ነው የምትኖሩት። በሰኔያቸው ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው ብለሽ ገርሞሽ ነግረሽኝ ነበር። አንዱ ምክንያት ፍራንኮ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1940 የአገሩን ሰዓት ከመካከለኛው አውሮፓ ጋር አስተካክሎ፣ በዚያው ስለቀረ ነው። ጂኦግራፊያቸው ከለንደን ጋር ነው፣ ሰዓታቸው ከበርሊን ጋር። ስለዚህ ሰውነትሽ «መሸ» ሲልሽ አትስሚው፣ ጫማሽን አድርጊና ውጪ።

የሥራ ባልደረቦችሽ «ነይ እንውረድ፣ አንድ ነገር እንጠጣ» ሲሉሽ እምቢ ትያለሽ አሉ። ለምን? ቤታቸው ስላልጠሩሽ ቅር ብሎሻል፣ ይገባኛል። እኛ ሰውን የምንቀበለው ቤታችን ነው። እነሱ ግን የሚጠያየቁት ውጪ ነው፣ ለዓመታት የሚዋደዱ ጓደኛሞች አንዱ የአንዱን ሳሎን ሳያይ ሊቆይ ይችላል። ንቀት አይደለም። ቢራ የግድ አይደለም፣ ሞስቶ የሚሉት የወይን ጭማቂ አለ። ለግማሽ ሰዓት ቁሚና ተመለሺ። ሂሳብ ሲመጣ አንዱ ይከፍልና በሚቀጥለው ሌላው ይከፍላል፣ ወይ ይካፈላሉ፤ አንቺም ተራሽ ሲደርስ ክፈዪ፣ ሁልጊዜ «እኔ ልክፈል» እያልሽ አትታገያቸው።

ፍልሰታ ሲገባ ምን እበላለሁ ብለሽ ደግሞ አትጨነቂ። ጋስፓቾ ሙሉ በሙሉ የጾም ነው፤ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና ኮምጣጤ። በዚያ ሙቀት ቀዝቀዝ ያለ ጋስፓቾ ከመጠጣት የሚሻል ነገር የለም ይላል ጓደኛዬ። ሳልሞሬሆ የሚባለውን ወንድሙን ግን ተጠንቀቂ፣ ከላይ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ይነሰነስበታል። ጠዋት ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት ማንም ጋ ታገኛለሽ። ምስር ወጥ ሲያቀርቡልሽ «ቾሪሶ አለበት ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ብዙውን ጊዜ ቋሊማው ውስጡ ተደብቋል። ቶርቲያ ደግሞ እንቁላል ነው።

ቡናው መረረኝ ላልሽው መልስ አግኝቻለሁ። ፓኬቱን ገልብጠሽ አንብቢ። ቶሬፋክቶ የሚል ካለበት ቡናው ከስኳር ጋር የተቆላ ነው፣ ስኳሩ ስለሚያር ይጠቁራል፣ ይመርራል። ሜስክላ የሚለው የሁለቱ ድብልቅ ነው። አንቺ ናቱራል የሚለውን ፈልጊ። ቀኑን ሙሉ ቶሬፋክቶ እየጠጡ «የስፔን ኑሮ መራራ ነው» ማለት ልክ አይደለም።

አሁን ዋናው። ያቺ ዩኒቨርሲቲ ያገኘሻት ልጅ። መልኳ ቁርጥ የኛ ልጅ፣ ስሟም አባቷም ስፓኒሽ። በአማርኛ ሰላም ስትያት ፊቷ እንደተለዋወጠ ነግረሽኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ የስፔን ቤተሰቦች ከእኛ አገር ልጆች ወስደው አሳድገዋል። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ እስኪያቆመው ድረስ ማለት ነው። ዛሬ እነዚያ ልጆች ያንቺ እኩዮችና ታናናሾች ናቸው። ሜትሮ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ስታዲየም ውስጥ ታገኚያቸዋለሽ።

እባክሽ ልጄ፣ አትፈትኛት። «እንዴት አማርኛ አትችይም?» የሚለውን ጥያቄ ከአፍሽ አታውጪው። የወሰዷት ስትራመድ ይሁን ስትድህ አናውቅም። «እናትሽን ፈልገሻት ታውቂያለሽ?» አትበያት፣ ያ የእሷ በር ነው፣ ስትፈልግ ራሷ ትከፍተዋለች። ያሳደጓትንም ክፉ አትናገሪባት፤ እናትና አባቷ እነሱ ናቸው። አገሩን ካንቺ መማር አለባት ብለሽም አስተማሪ አትሁኚባት። ቡና ጋብዣት፣ ይበቃል። ጀበናሽን አውጪው፣ ያ ሻንጣ ውስጥ ሸክፈሽ ያስቀመጥሽውን። ቀስ ብለሽ ቁዪው፣ ጭሱን አሽትቻት፣ ሦስተኛው እስኪወርድ ስለ ፈተናና ስለ ወንድ ልጅ አውሩ። ከጠየቀችሽ መልሺላት። በወረቀቷ ላይ ያለውን የከተማ ስም ካሳየችሽ ንገሪኝ፣ ያን አካባቢ የማውቀው እንደሆነ ስለ ገበያው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሰዉ የማውቀውን በስፓኒሽ እጽፍላታለሁ። የኩባ ስፓኒሽ ቢሆንም ትረዳኛለች።

አንቺ «እዚህ የኔ ሰው የለም» ስትዪ እሷ አጠገብሽ ነበረች። ለእሷም ምናልባት የመጀመሪያዋ ነሽ።

አንድ ቅዳሜ ካገኘሽ ደግሞ ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ ሂጂልኝ። ከማድሪድ በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ካቶሊኩ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የተወለደው እዚያ ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1564። ወደ እኛ አገር ሲመጣ ተይዞ የመን ውስጥ ለዓመታት ታስሯል፣ ግን ሳይታክት በ1603 ደረሰ። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፣ በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ አየ፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ አረፈ። ሃይማኖት ለማስለወጥ ነው የመጣው፣ ንጉሡን ካቶሊክ አድርጎ በኋላ አገሩ ደም ተፋሷል፣ ያንን አልረሳውም። ግን የሰዉን ቋንቋ ተምሮ፣ ከሰዉ ጋር ተቀምጦ፣ ያየውን ጽፎ ሄዷል። ከእኛ ቤት በሐይቁ ማዶ የሞተ ሰው የተወለደው ከአንቺ ክፍል ብዙ ሳይርቅ ነው። ሂጂና የመንደሩን ፎቶ ላኪልኝ።

ጓደኛዬ ሁለት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ኖሮ ዜግነት መጠየቅ ችሏል፣ ለላቲን አሜሪካ ሰዎች ሕጉ እንደዚያ ነው። ለእኛ ግን አሥር ዓመት ነው። ይህን የምነግርሽ ቅሪ ብዬ አይደለም፣ ነይም ብዬ አይደለም። ስትጨርሺ ራስሽ ትወስኛለሽ። ውሳኔው ግን ስፔንን ኖረሽበት አይተሽ ይሁን እንጂ፣ በመስኮት አይተሽ አይሁን።

ሙቀቱ ሲበረታ ቀን ቀን ፔርሲያናውን፣ የመስኮቱን መከለያ፣ ሙሉ በሙሉ አውርጂው፣ ሲመሽ ክፈቺው። በነሐሴ ከተማው ባዶ ሲሆን ደግሞ አትደንግጪ፣ ግማሹ ሰው ወደ ባሕር ነው የሚሄደው። ቢሮም ቢሆን ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ የምዝገባውን ነገር ከዚያ በፊት ጨርሺ።

ከባሰብሽ ደግሞ ደውዪ። «ደህና ነኝ» ሳይሆን ያለሽበትን ንገሪኝ። አሁን የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ ነው ያለን፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ። ብታለቅሺ አልደነግጥም።

በሚቀጥለው ወር ወደ ማድሪድ የሚመጣ ሰው አግኝተናል። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታለች። ንጥር ቅቤና ቋንጣም ልትጨምር ብላ ነበር፣ ሥጋና የወተት ውጤት አውሮፓ እንደማያስገቡ ነግሬ በስንት ልመና ነው ያስተውኳት። ለሁለት ሰው የሚበቃ በርበሬ አስጭኛለሁ። ሌላ የምትፈልጊው ካለ እስከ እሁድ ንገሪን፣ ከቅዳሴ መልስ ስልኩ አጠገብ ነን።

አባትሽ
ባሕር ዳር